የሚስቴ ድምፅ በየሰው ቤት

ላሊበላ ላይ ትንሽ የሬዲዮ ጣቢያ ሊከፈት ነው ተብሎ ማስታወቂያ የተለጠፈ ጊዜ፣ ለአንባቢነት ከእኔ የተሻለ ሰው ይገኛል ብዬ አልጠረጠርኩም። በማስተምርበት ትምህርት ቤት ሰልፍ ላይ መልእክት የማነበው እኔ ነበርኩ። የወላጆች በዓል ሲሆን መድረኩን የምመራው እኔ ነበርኩ። ሠርግ ላይ ሳይቀር «መምህር፣ እስቲ አንድ ነገር ይበሉን» ይሉኛል። አማርኛ አስተማሪ ስለሆንኩ የቱ ቃል እንደሚጠብቅ፣ የቱ እንደሚላላ ባልደረቦቼን ሁሉ አርማለሁ። ለዚህ አይወዱኝም፤ ድምፄን ግን ያደንቁልኝ ነበር።

ማስታወቂያውን ካየሁ ጀምሮ ከሥራ ስመለስ በር ዘግቼ የቆየ ጋዜጣ ጮክ ብዬ አነባለሁ። ባለቤቴ ከምትሠራበት ልብስ ስፌት ቤት ስትመጣ ደጅ ቆማ ታዳምጠኛለች።

«ማንን ነው የምትቆጣው?» አለችኝ አንድ ቀን።

«ዜና እያነበብኩ ነው።»

«ዜና ከሆነ ደግ። እኔስ ከጎረቤት የተጣላህ መስሎኝ ደንግጬ።»

የፈተናው ቀን ከባድ ዝናብ ጣለ። የሰጡኝ ጽሑፍ ስለ ግብርና ነበር፤ አንድም ቦታ አልተደናቀፍኩም። ጨርሼ ስወጣ ባለቤቴ ጃንጥላ ይዛልኝ መጥታ በረንዳው ላይ ቆማለች። ጆሮው ላይ ማዳመጫ ያደረገው ቴክኒሻን ገና መሣሪያውን እያስተካከለ ስለነበር፣ በሴት ድምፅም ሊሞክረው ፈለገና ጠራት።

«እህቴ፣ እስቲ እዚህ ቁጭ በይና የፈለግሽውን አውሪ።»

«ምን ላውራ?»

«ዛሬ ያየሽውን።»

እሷም አወራች። የሰው ፍየል ስፌት ቤታቸው ገብታ ለሙሽራ የተሰፋውን ቀሚስ ጠርዝ እንደበላች፣ የቀሚሱ ባለቤትና የፍየሏ ባለቤት መንገድ ላይ እንደተናነቁ፣ በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ «እንግዲያው ፍየሏ ለሠርጉ ትታረድ» ብለው እንደፈረዱ ነገረችው። ቴክኒሻኑ ሳቀ። ከእኔ በኋላ ተራ የሚጠብቁት ተፈታኞች ሳቁ። የጣቢያው ኃላፊ ምን እንደሆነ ለማየት ከቢሮው ወጣና በር ተደግፎ እስክትጨርስ አዳመጣት። እኔ ውሃ የሚያንጠባጥብ ጃንጥላ ይዤ ቆሜያለሁ።

ውጤቱ ሲለጠፍ የእሷ ስም ነበረበት፤ የእኔ አልነበረም።

«ቅር ካለህ እተወዋለሁ» አለችኝ ማታ እራት ላይ።

«ምን ቅር ይለኛል? ሂጂ እንጂ።»

ድምፄ እንዳይንቀጠቀጥ ያን ያህል የተጠነቀቅኩበት ቀን የለም፤ ፈተናው ላይ እንኳ።

የእሷ ሰዓት ጠዋት ነበር፤ ሰው ወደ እርሻና ወደ ገበያ ከመውጣቱ በፊት። ማን እንደሞተ፣ የማን በቅሎ እንደጠፋች፣ የትኛው ቤተ ክርስቲያን ንግሥ እንዳለበት፣ ከተማው ውስጥ ገብስና ምስር ስንት እንደዋለ ትናገራለች። ከዚያ በፊት የገጠሯ ብልባላ ወሬ ከተማ የሚደርሰው ገበያተኛው አህያውን እየነዳ ሲመጣ ነበር። ነጋዴውም ብልባላ ወርዶ «ዋጋ ወድቋል» ካለ፣ ገበሬው አምኖ ከመሸጥ ወይም እህሉን መልሶ ከመጫን ሌላ ምርጫ አልነበረውም። አሁን ገበሬው ክንዱን አጣጥፎ «እሷ እንዲያ አላለችም» ይላል። እሷ! ስሟን እንኳ መጥራት አያስፈልግም። አንድ እህል ነጋዴ ሻይ ቤት አግኝቶኝ፣ «መምህር፣ ሚስትህ እኮ አራቆተችን» አለኝ፤ እየሳቀ ነው፣ ዓይኑ ግን አይስቅም። እኔ ስንት ዓመት ጥቁር ሰሌዳ ላይ ስጽፍ ኖሬ፣ በእኔ ምክንያት እህሉን በደህና ዋጋ የሸጠ አንድ ገበሬ አላውቅም።

ቀናሁ። ሌላ ስም ላወጣለት ሞክሬ ነበር፤ ድካም፣ የደም ግፊት፣ የክፍለ ጊዜ ብዛት። ቅናት ነበር።

አንድ ጠዋት ከክፍል በፊት ሻይ ልጠጣ ገብቻለሁ፤ ከወልዲያ ጭነት ይዞ የመጣ ሹፌር አጠገቤ ተቀምጧል። ሬዲዮው ተከፍቷል። ባለቤቴ አህያው ስለጠፋበት ሰው ስትናገር መሀል ላይ ሳቀች። ሹፌሩ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«ይቺ ሴት ባል አላት?» ሲል አስተናጋጇን ጠየቃት።

አስተናጋጇ ወደ እኔ አየት አድርጋ፣ «አላት» አለች።

«ታድሎ!»

ያን ሰው ሳላውቀው ጠላሁት። ያናደደኝ ግን እሱ አልነበረም። ያ ሳቅ የቤታችን ሳቅ ነበር። ለእኔ ብቻ የምትስቀው ይመስለኝ ነበር፤ ለካ ለሰው ሁሉ የሚበቃ ኖሯል።

ከዚያ የጣሪያው ነገር መጣ። የሦስተኛ ክፍልን ቆርቆሮ ነፋስ ገንጥሎት፣ የመምህራን ኮሚቴውን ወክዬ የወረዳው አስተዳደር ጽሕፈት ቤት ተመላልሻለሁ። የጽሕፈት ቤቱ ኃላፊ ወረቀት እያገላበጠ፣ ቀና ሳይል «እየታየ ነው» ይለኛል። ይህን ቤት ስናገር ባለቤቴ ሰምታ ኖሮ፣ በማግስቱ ጠዋት ከማስታወቂያዎቹ መሀል እንዲህ አለች፦ «ሰኞ ዝናብ ከጣለ የሦስተኛ ክፍል ልጆች የት እንደሚቀመጡ የሚያውቅ ሰው ካለ ይደውልልኝ። እኔም መንገር ያለብኝ ወላጆች አሉ።» አለቀ፤ ወደ ገብስ ዋጋ አለፈች።

ኃላፊው ቤታችን ድረስ መጣ። እኔ በር ከፈትኩለት። «ወይዘሮዋ አሉ?» አለኝ። እሷ ተቀመጥ እስክትለው ድረስ ቆሞ ነው ያናገራት። ቆርቆሮው ሳምንት ሳይሞላ ተጭኖ መጣ። ርዕሰ መምህሩ ደስ ብሎት የምስጋና ጽሑፍ አዘጋጀና ሰልፍ ላይ እንዳነበው ሰጠኝ። ተማሪው ፊት ቆሜ፣ የጠበቀውን አጥብቄ፣ የላላውን አላልቼ፣ የገዛ ሚስቴን አመሰገንኩ። ልጆቹ አጨበጨቡ። ለእሷ ነው።

ማታ አልበላም አልኩ።

«ምን ሆነሃል?» አለች።

«ስንት ጊዜ የተመላለስኩበት ጉዳይ ነው።»

«ታዲያ አለቀልህ አይደል? ልጆቹ ጣሪያ አገኙ።»

«አገኙ።»

ሞሰቡን ከድና፣ «ድሮ ስመጣ ‹ዛሬ ምን አየሽ?› ትለኝ ነበር» አለችኝ። «አሁን አትጠይቀኝም።»

«ምን ልጠይቅሽ? ሁሉንም ከሻይ ቤት ሰምቼው ነው የምመጣው።»

እሷም ያን ማታ ሳትበላ ተኛች።

እኔ የቀናሁበትን ነገር ሌሎችም አይተውት ኖሯል፤ እነሱ ግን መቅናት ሳይሆን መጠቀም ፈለጉ። ምርጫ እየተቃረበ ስለነበር ከወረዳው ጽሕፈት ቤት ተጽፈው የሚመጡ ጽሑፎች በዙ። የትኛው መንገድ እንደተጠረገ፣ የትኛው ቀበሌ ምን እንደተሟላለት። ባለቤቴ ታነባቸዋለች፤ ስታነባቸው ድምፅዋ እንደተፋቀ እንጨት ደረቅ ይሆናል። ሻይ ቤት ውስጥ «ይኼ የራሷ ነው የእነሱ?» መባባል ተጀመረ። ገበሬውም መለየት ለመደ፤ የእነሱ ሲሆን ያወራል፣ የራሷ ሲሆን ዝም ይላል።

በዚያ ሰሞን ከገነተ ማርያም ወዲያ ካለ መንደር አንዲት ሴትዮ፣ ባዶ ጀሪካን በጀርባዋ እንዳዘለች ቤታችን መጣች። መንደራቸው የተተከለው የቧንቧ ውሃ የተመረቀ ዕለት ብቻ ፈሶ መድረቁን ተናገረች። «እታለም፣ አንቺ ብትናገሪልን ይሰማሉ» አለቻት። ባለቤቴ ውሃ ቀድታ ሸኘቻት።

ሳምንቱ ሳያልቅ ስለዚያው መንደር ጽሑፍ መጣ። እኔ መምህራን ክፍል ነበርኩ፤ ሬዲዮው ተከፍቶ ደብተር እናርማለን። ያንን ደረቅ ድምፅ ስሰማ ጽሑፉ ከየት እንደመጣ ገባኝ። «…በመሆኑም የአካባቢው ነዋሪ የንጹሕ ውሃ ተጠቃሚ ሆኗል» አለች። ትንፋሽ ወሰደች። ቀጥላም በራሷ ድምፅ፣ ቀስ ብላ፣

«ይባላል» አለች።

 የሒሳብ መምህሩ ጠረጴዛ እየደበደበ ሳቀ፤ ክፍሉ ሁሉ ተከተለው። ርዕሰ መምህሩ ብቻ ተነሥቶ ሬዲዮውን ቀነሰና ከበሩ ውጭ ሰው እንዳለ አየ። እኔ አልሳቅኩም። ከሳቁ በኋላ ነው ሁሉም የባሏን ፊት ለማየት የዞሩት፤ ምን እንዳዩ አላውቅም። በውስጤ ግን የነደደው እስከዚያ ቀን ከነበረው ሁሉ የባሰ ነው። ለድምፅዋ ስቀና ቢያንስ የእኔ ይሻላል ብዬ እከራከር ነበር። ያን ቃል ግን እኔ አልጨምረውም። ያን ወረቀት ለእኔ ቢሰጡኝ አሳምሬ አነበው ነበር፤ አንድም ቦታ ሳልደናቀፍ።

ስትመጣ፣ «እንዴት ደፈርሽ?» አልኳት።

«ድፍረት አይደለም። ሴትዮዋ ብትሰማኝ ምን ትላለች ብዬ አሰብኩ፤ አፌ ላይ መጣ።»

ከማይክራፎን አነሷት። መጀመሪያ ዕቃ ቤት የሙዚቃ ካሴት እንድትደረድር ሰጧት፤ ሥራው ከሥራ ስለማይቆጠር ራሷ ለቀቀች። ወዲያው ያ የወረዳው ኃላፊ ትምህርት ቤት ድረስ መጣና እኔን አስጠራ። በዚህ ጊዜ ቀና ብሎ አየኝ።

«መምህር፣ ያኔ ተፈትነህ ነበር አሉኝ። ድምፅህን ሰልፍ ላይ ሰምቼዋለሁ፤ ግሩም ነው። የጠዋቱን ሰዓት ብትይዝልን ምን ይመስልሃል?»

ስመኘው የኖርኩት ነገር ነው። «ላስብበት» ብዬ ቤት ገባሁና ነገርኳት።

«ፈልገኸው ነበር፤ ከፈለግህ ግባ» አለች። ፊቷ ላይ ክፋት የለም።

አልገባም አልኳቸው። ከተማው ለሚስቱ ሲል ትልቅ ሥራ አሻፈረኝ ያለ ባል አድርጎ ቆጠረኝ። ቄሶች ሳይቀሩ ሲያገኙኝ መረቁኝ። ባለቤቴም አንድ ቀን እጄን ይዛ፣ «ለእኔ ብለህ እንደተውከው አውቃለሁ» አለችኝ።

«አይደለም» አልኳት። «ከአንቺ በኋላ መሰማት ፈርቼ ነው። ሰው ሁሉ የእሷ ይሻል ነበር ይላል።»

አልተቀየመችም። እንዲያውም ሬዲዮ ከጀመረች ወዲህ እውነቱን የነገርኳት የመጀመሪያው ቀን ነው አለች።

በቦታዋ የተቀጠረው ወጣት ለአንባቢነት መጥፎ አልነበረም፤ ሰው ግን ሬዲዮውን የሚከፍተው ዘፈን ሲኖር ብቻ ሆነ። ቆየት ሲል ሞባይል በየገጠሩ ገባ። የብልባላ ገበሬ የገብስ ዋጋ ለማወቅ ከተማ ላለው ዘመዱ ይደውላል። በቅሎ የጠፋበትም እንዲሁ። ባለቤቴ አውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የስልክ ካርድ መሸጫ ከፈተች፤ መብራት የሌለበት አገር ሰው በገበያ ቀን ስልኩን እሷ ዘንድ ቻርጅ ያስደርጋል። ስልኩ እስኪሞላ ተቀምጦ ያወራታል፤ ስለ ልጁ፣ ስለ ወሰን ክርክሩ፣ አረብ አገር ሄዳ ድምፅዋ ስለጠፋ እህቱ። እሷም ማን ማንን ማነጋገር እንዳለበት ታውቃለች፤ ደውላ ታገናኛለች። ሬዲዮውን ነጠቋት እንጂ ሰዉን አልነጠቋትም።

አንድ ቅዳሜ ከገበያ ስመለስ ልወስዳት ጎራ አልኩ። ደጁ ላይ ሰው ሞልቷል። አንገቴን አስግጌ ልጠራት ስል፣ የተሰካ ስልካቸውን የሚጠብቁ አንዲት እናት ክንዴን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ሁላችንም እሷን ፈልገን ነው የመጣነው። ወረፋህን ጠብቅ።»

ባሏ ነኝ ልላቸው አሰብኩ። ከኋላቸው ቆምኩና ጠበቅኩ።