ሂዳያ፣ ዘጠኝ ዶሮዎችና አሥራ አንድ እርምጃ

የሂዳያ ዶሮዎች እንቁላል መጣል ያቆሙት ባሏ ሙህዲን በሞተ በሁለተኛው ወር ነው። ዘጠኝ ዶሮ! ዘጠኙም ተማክረው ያደሙ ይመስል አንድ ሰሞን ቀጥ አሉ። አንዱ ጎረቤት «ዓይን በልቷቸው ነው» አለ፤ ሌላው «ሐዘን ነው፣ እንስሳም እኮ ያዝናል» አለ። ወሬ ነው! ሂዳያ ምክንያቱን አሳምራ ታውቀዋለች። ስንዴ ብቻ እየበላች እንቁላል የምትጥል ዶሮ አላህ አልፈጠረም።

ስለ ዶሮ መኖ ሂዳያን የሚያህል ሰው በርበሬ በረንዳ አካባቢ አልነበረም። የኑግ ፋጉሎ ስትገዛ፣ ያን ዘይቱ ተጨምቆ የቀረውን ጥቁር ደረቅ ነገር ሰብራ መሃሉን ታሸታለች፤ ትንሽ ሻጋታ ከሸተታት ነጋዴው ቢምል ቢገዘት አትነካውም። ሽሮ ከሚያዘጋጁ ሴቶች የባቄላና የአተር ስባሪ ትሰበስባለች። የእንቁላሉን ቅርፊት እንኳ አድርቃ፣ ወቅጣ መልሳ ታበላቸዋለች። «ስንዴው ጉልበት ነው፤ ፋጉሎውና ባቄላው ሥጋ ነው፤ እንቁላል የሚሠራው ከሥጋ ነው» ትል ነበር። ሃያ ዓመት ቤቷን በእንቁላል ደጉማለች።

አሁን ግን ኢዳ ላይ ናት። ባል የሞተባት ሴት አራት ወር ከአስር ቀን ቤቷ ትቀመጣለች፤ ሂዳያም ሙህዲንን ትወደው ነበርና በሙሉ ልቧ ተቀብላዋለች። ችግሩ የሙህዲን ታላቅ ወንድም ነስረዲን ነው፤ ሶማሌ ተራ ሱቅ ያለው፣ ድምፁ ከሱቁ የሚሰፋ ሰውዬ። ገና በሦስተኛው ቀን የግቢው በር ላይ ቆሞ፣ «ከዚህች በር አንዲት እግር እንዳታወጪ! ቀንም ሆነ ማታ። የወንድሜ ክብር ነው» አላት። እሺ አለች። ምን ትበል? አገሯ ወሎ፣ እናት አባቷ ከአፈር በታች፣ ልጅ አልወለደች።

ግቢው ደግሞ ግቢ ይባል እንጂ ከቆርቆሮ እስከ ቆርቆሮ አሥራ አንድ እርምጃ ነው። አሥራ አንድ ሄዳ ትዞራለች፣ አሥራ አንድ ተመልሳ ትዞራለች። ከአጥሩ ወዲያ መርካቶ ይጮኻል፣ ተሸካሚው «ዞር በሉ!» ይላል፣ የበርበሬው ብናኝ ያስነጥሳል።

ሲጨንቃት ነስረዲንን ለመነችው። «ጋሼ፣ ለዶሮዎቹ ትንሽ ፋጉሎ ቢገኝልኝ...»

«ደግሞ ብለው ብለው ዶሮም ማማረጥ ጀመሩ?» አለና አንድ ጆንያ ስንዴ ግቢው ውስጥ ዱብ አደረገላት። ዶሮዎቹ ወፈሩ። ወፈሩና ቁጭ አሉ። በሌላው ጁምዓ መጥቶ አያቸውና፣ «ይኸውልሽ፣ የማይጥል ዶሮ ለወጥ ነው። ኢዳሽ ሲያልቅ ይታረዱና ሰደቃ ይሁኑ። አንቺም እኛ ጋ ትገቢያለሽ፤ ልጆቹን ትይዣለሽ፣ ኩሽናውን ታግዣለሽ» አላት።

«ከጣሉስ?»

ሳቀ። «ከጣሉማ በእንቁላልሽ ኑሪያ!»

እሱ ለቀልድ ነው ያለው፤ ሂዳያ ግን ቃሉን ያዘችው። የነስረዲን ቤት አራተኛ ፎቅ ላይ ያለ ኮንዶሚኒየም ነው። ሙህዲን በሕይወት ሳለ አንዴ ውላበት፣ ቀኑን ሙሉ ደረቷን ሲጨንቃት ነበር። እዚያ ከገባች በቃሬዛ ካልሆነ እንደማትወጣ ገባትና ከልቧ ፈራች።

ከአጥሩ ወዲያ የሚኖሩት እትዬ ሸዋርካብሽ በርበሬ ቀንጣሽ ናቸው። የረገፈውን ፍሬ በፌስታል ሞልተው ወረወሩላት። ዶሮ ማቃጠሉን መች ታውቅና፣ ለቀመችው። ከዚያ ፋጉሎም ገዝተው አመጡ፤ ደግ ሴት ናቸው፣ ግን ማሽተት አያውቁበትም። ሂዳያ ሰበረችው፣ አሸተተችው፣ «እትዬ፣ ይሄ ሻግቷል፤ ጉበታቸውን ይጨርሰዋል» ብላ ጣለችው።

«እንግዲያው ከሥጋ ቤት ደም አምጥቼ፣ ቀቅዬ ላድርቅልሽ?»

«ደም ነጃሳ፣ ርኩስ ነው፤ እኔ ግቢ አይገባም እትዬ። ይቅርብኝ።»

«ኧረ አንቺ ሴትዮ! ሊታረዱ ነው እኮ!»

«ይታረዱ!» አለች። ብስጭት እንጂ ጭካኔ አልነበረም።

ያን ዕለት ከቧንቧው ሥር የወደቀ እርጥብ ጆንያ እንዳያዳልጣት ብላ አነሳችው። ሥሩ ቀይ ትል ይተራመሳል። ገብስማዋ ዶሮ ገፍትራት ገባች፣ ሌሎቹም ተግተልትለው ደረሱ፣ በአንዴ ጥርግ! ሂዳያ ሳቀች። ባሏ ከሞተ ወዲህ የሳቀችው ያኔ ነው። «ወይ አላህ! የምፈልገው እግሬ ሥር ነበር ለካ!»

በተሰነጠቀ ሳፋ ላይ አፈር፣ የጎመን ልቃሚና እፍኝ ፉርሽካ አድርጋ፣ ከቧንቧው ሥር ቆፍራ ያወጣቻቸውን ትሎች ጨምራ፣ በእርጥብ ጆንያ ሸፍና ጥላ ሥር አኖረችው። አንዱ ሳፋ ሁለት ሆነ፣ ከዚያ አራት። እንዳይነጥፍባት ግማሹን ትታ ነው የምታበላው፤ ስንዴውንም ቀነሰች። ወር ሊሞላው ሲል ገብስማዋ ግቢውን በጩኸት አናጋችው። እንቁላሉ ትኩስ ነበር። ሂዳያ ጉንጯ ላይ አስጠግታው አለቀሰች።

የኢዳዋ የመጨረሻ ቀን ነስረዲን ቢላዋ ይዞ መጣ። የሰፈሩን ሴቶች ቁርአን የሚያስቀሩት ኡስታዛ ጠሂራም ዱዓ እንዲያደርጉላት ተጠርተው ነበር። ሂዳያ አንድ ቅርጫት እንቁላል አምጥታ ነስረዲን ፊት አስቀመጠች። አንዱን ሰብራ አሳየችው፤ አስኳሉ ከበርበሬው ፍሬ የተነሳ ቀላ ብሏል።

«ጋሼ፣ ጣሉ።»

«ምን አብልተሻቸው ነው?»

መዋሸት ትችል ነበር፤ ኩራቷ አልፈቀደም። «ትል። ራሴ ያረባሁት።»

«ትል?! ነጃሳ የበላ ዶሮ እንቁላል ለሰው ልታበዪ! ኡስታዛ፣ ይሰማሉ?» ፊቱ በራ።

«ቆሻሻ የለመደች ዶሮ እንኳ» አለች ሂዳያ፣ «ሦስት ቀን ተዘግቶባት ንጹህ እህል ከበላች ትጠራለች። አባቴ እንዲያ ነበር የሚያደርገው።»

«ልክ ናት» አሉ ኡስታዛ። «ሦስት ቀን ይበቃል። እነዚህ ደግሞ ዋና ምግባቸው ስንዴ ነው፣ ምንም የለባቸውም።» ሳፋዎቹን አየት አደረጉና ግራ ገባቸው። «ግን ልጄ፣ ምን አለፋሽ? በቀን ወጣ ብለሽ መኖውን ገዝተሽ አትመለሺም ነበር? ለሚያስፈልግሽ ጉዳይ በቀን መውጣት እኮ አልተከለከለም፤ ማታ ቤትሽ ማደር ነው እንጂ።»

ሂዳያ ወደ ነስረዲን ዞረች። ጫማውን እያየ ነበር።

«ያውቁ ነበር ጋሼ?»

«ለ... ለጥንቃቄ ብዬ ነው።»

«ዶሮ እንኳ የሚዘጋባት ሦስት ቀን ነው» አለች።

ከአጥሩ ወዲያ እትዬ ሸዋርካብሽ፣ «አይ አንተ ሰው! ምነው፣ ምነው!» ሲሉ ተሰማ። ነስረዲን ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ሳይሰናበት ሄደ። ስለ ኮንዶሚኒየሙም ከዚያ ወዲያ አላነሳም።

በማግስቱ ጠዋት ሂዳያ ሻሿን አስራ፣ ባዶ ጆንያዋን አጥፋ በሩን ከፈተች። ፋጉሎ ልትገዛ ነው፤ ራሷ ሰብራ፣ ራሷ አሽታ። ደስ ብሏት ነበር፣ በጣም ደስ ብሏት። በርበሬ ከጫኑት ጋሪዎች መሃል ገብታ መሄድ ጀመረች። ወዲያው ሁለት ጆንያ የተሸከመ ሰው ፊት ለፊቷ ተገተረና፣ «እትዬ፣ ቀጥ ብለው አይሄዱም እንዴ! ምን ነክቶዎት ነው የሚዞሩብኝ?» ብሎ ጮኸባት። ሂዳያ ቀና ስትል ፊቷ ያለው የራሷ በር ነው። እግሯ አሥራ አንደኛው እርምጃ ላይ በራሱ ዞሮ ነበር።