ድንጋዩን ማን ይሸከም?

ያን ሰሞን ፒያሳ፣ ጨርቅ ከምሸጥበት ሱቅ ፊት ለፊት፣ ሚሞሪ ላይ ዘፈን የሚጭኑት ልጆች ጋ ግርግሩ ለዘፈን አልነበረም። የእህቴ ፎቶ በብሉቱዝ ከስልክ ስልክ እየዞረ ነው። እህቴ ሃያ ዓመት የተሻገረች ልጅ ናት፤ እኔ ቤት ተቀምጣ ኮሌጅ ትማር ነበር። አገባሻለሁ ያላት ሰው፣ አምናው የላከችለትን ፎቶ፣ "ይብቃን" ስትለው በተነው።

ደሜ ፈላ። የበተነውን ትቶ ሰው ሁሉ እሷ ላይ! "እሷስ ምን አቅብጧት ተነሳች?" ይሉኛል፣ ስልካቸውን እንኳ ሳያስቀምጡ። ሴት ልጆች ያሏት ጎረቤቴ ደግሞ "የእኔዎቹስ እንዲህ አያደርጉም" ስትል ፊቷ ላይ እፎይታ አየሁ። ገባኝ። ጥፋቱ የእህቴ ከሆነ የእሷ ልጆች ደህና ናቸው። እህቴ ካላጠፋች ግን ነገ በእነሱም ሊደርስ ነው። ይህን ማሰብ አልፈለገችም።

ወሬው አምባ ጊዮርጊስ ደረሰና አባታችን "ትምህርቱ ይቅርባት፣ ትመለስ" አለ። ሽማግሌ ገባ። እኔና እሷ በአውቶብስ ሄደን አባታችን ግቢ ተቀመጥን። በእኛ አገር የበደለ ሰው ድንጋይ ተሸክሞ፣ ጎንበስ ብሎ የበደለውን ይቅርታ ይለምናል። ሽማግሌዎቹ ታዲያ ምን ቢሉ ጥሩ ነው? "ልጅቱ ድንጋይ ተሸክማ አባቷን ይቅርታ ትጠይቅ፤ ከዚያ ወደ ትምህርቷ ትሂድ።"

"ምነው አያ! የበተነውስ?" አልኳቸው ትልቁን ሽማግሌ።

"እሱማ ወንድ ነው፤ ቢያሳይ ምን ይገርማል? ደግሞ እሷ ፎቶው ላይ እየሳቀች አይደል እንዴ?"

ወይ ጉድ! እርሳቸው እኮ ስልክ የላቸውም። "ልጄ ነው ያሳየኝ" አሉ፣ ምንም ሳይመስላቸው።

ልጮህ ስል እህቴ እጄን ያዘችኝ። "ተይ እቴ፤ ፈተናዬ ደርሷል" አለችና ከአጥሩ ካብ ላይ ድንጋይ አንስታ ማጅራቷ ላይ አደረገች። አባታችን ፊት ሄዳ ጎንበስ አለች።

"ይቅር በላት" አሉ ሽማግሌዎቹ።

"ይቅር ብያለሁ፤ ትማር" አለ አባታችን። ድንጋዩንም ራሱ አወረደላት። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ "እኔ እኮ አላየሁትም። ሊያሳዩኝ ሲመጡ እምቢ አልኩ። የልጄን ገላ አላይም ብዬ መለስኳቸው" አላት።

እህቴ ቀና አለች። እስከዚያች ሰዓት አላለቀሰችም ነበር።

"ያሳየው እሱ፣ ያዩት እነሱ። ያላየኸው አንተ ብቻ ነህ፣ አባዬ። ታዲያ ምኑን ነው ይቅር ያልከኝ?"

ሽማግሌዎቹ ሊመርቁ እጃቸውን ዘርግተው ይጠብቁታል። አባታችን ድንጋዩን ታቅፎ ቆሞ ቀረ።