ለአያት እጅ የተስተካከለ መኪና

ከአሶሳ ልወጣ በዋዜማው ምሽት ጎረቤቱ ሁሉ ሊሰናበተኝ መጣና ያላየውን አገር ሲያስጠናኝ አመሸ። ከግልገል በለስ አልፎ የማያውቀው አብዱ ስለ አውሮፓ ብርድ አስረዳኝ፤ "ምራቅሽን ስትተፊ መሬት ሳይደርስ በረዶ ይሆናል" አለ። ግልገል በለስንም ያላየችው ሚስቱ ደግሞ "ሰላምታ አታብዢ፣ ይከሱሻል" ብላ መከረችኝ። ልጄ መዲና ብቻ ምክሩን ትታ የደረቀ ባምያ በጨርቅ እየቋጠረች በሻንጣዬ ጥግ ጥግ ትወትፋለች። እኔ እግሬ ድሮም አንድ ቦታ አይረጋም፤ ቶንጎም ድባጤም ነግጄ ገብቻለሁ። ኖርዌይንም እንደዛው ጨው ሸጦ መመለስ አድርጌ ነው የቆጠርኩት።

ፊደል ቤት አልገባሁም። ይህንንም እኔ እናገራለሁ፣ ስልኩ ይጽፋል፤ ስህተት ካያችሁ እሱን ውቀሱት።

አብዱ ስለ ብርዱ ዋሽቷል፤ ምራቅ መሬት ይደርሳል። ስለ ሌላው ግን ማንም አልነገረኝም። ቡናማ አይብ ብለው የሚያቀርቡት ከረሜላ ነው፤ እንጀራ ላይ ባደርገው እዚህ የሚኖረው ወንዱ ልጄ ሳቀብኝ። እሁድ እሁድ "ቱር" ይላሉ፤ ቦርሳ ተሸክመው ተራራ ይወጣሉ፣ ከዛ ይወርዳሉ። ምን ይዘው ሄዱ፣ ምን ሸጠው መጡ ብትሉኝ፣ ምንም። እኔ ቅቤ ተሸክሜ ስሄድ ድሃ ተባልኩ፤ እነሱ ባዶ ተሸክመው ሲሄዱ ጤና ነው።

ልጄ ጅብሪል አውቶብስ ይነዳል። ሚስቱ ሰላም ደግሞ ሆስፒታል ውስጥ ትሰራለች፤ አባቷ ከጎጃም ተመድቦ አሶሳ የመጣ መምህር ነበር፣ እና የቤቱ ቋንቋ አማርኛ ነው። የኔ አማርኛ ከበርታኛ ቀጥሎ የመጣ ስለሆነ ያነክሳል፣ ግን ይደርሳል። የመጣሁት ለልጃቸው ለሐናን ነው። አስር ዓመቷ ነው። የምንላትን ሁሉ ትሰማለች፣ የምትመልሰው ግን በኖርዌይኛ ነው። መዲና ከአሶሳ ስትደውል ክፍሏ ገብታ ትዘጋለች። እኔ ባሕር ተሻግሬ የመጣሁት በራፍ ላቅፍ ነው እንዴ? ከሷ አንዲት ቃል፣ ለኔ ብላ በአማርኛ የተናገረቻት፣ እሷን ነበር የምጠብቀው።

እንደኛ ቀበሌ ያለ ቢሮ ጠሩኝ። ሴትዮዋ ፊት ለፊቴ ናት፣ አስተርጓሚው በስልክ ውስጥ ነው።

"ቀኑን ምን ስትሰሪ ነው የምትውዪው?" አለች።

"እቀመጣለሁ።"

"መቀመጥ ስራ አይደለም።"

"በናንተ ወንበር ላይ ሲሆን ነው ስራ የሚሆነው?"

አስተርጓሚው ተንፈስ አለ። "እማማ፣ ይህንን ልተርጉመው?"

"ተርጉመው።"

ምን ብሎ እንደተረጎመው አላህ ይወቅ፣ ሴትዮዋ ፈገግ ብላ "በጣም ጥሩ" አለች። ከዛ እንቅስቃሴ ያስፈልግሻል ብላ የሰፈሩን የወጣቶች ቤት ጠቆመችኝ። እዛ አያትና የልጅ ልጅ አንድ መኪና እየተቀባበሉ የሚነዱበት የጌም ውድድር አለ። እንቅስቃሴ ያለችው ይህንን ነው፤ ተቀምጠው ነው የሚነዱት።

ለሐናን ስነግራት ዓይኗ በራ። ለካ ሌሎቹ ልጆች ካያቶቻቸው ጋር ሲወዳደሩ እሷ ሁልጊዜ ግድግዳ ተደግፋ የምታይ ነበረች። ያን ዕለት እጄን ይዛ ቴሌቪዥኑ ፊት አስቀመጠችኝና ጆይስቲኩን መዳፌ ላይ አኖረችው።

ጆይስቲክ ማለት በሁለት እጅ የሚያዝ ፕላስቲክ ነው። እንጉዳይ የመሰለች ነገር አለችው፤ በአውራ ጣት ስትገፏት መኪናው ይታጠፋል። ከስር በሌባ ጣት የሚሳቡ ሁለት አሉ፤ ቀኙ ነዳጅ፣ ግራው ፍሬን። የኔ እጅ ትንሽ ይንቀጠቀጣል። መኪናው ልክ ሰርግ እንደገባ ሰው ግራና ቀኝ ጨፈረና ግንብ ገባ።

"ብሬምስ! ሀቦባ፣ ብሬምስ!" ትጮሃለች። ብሬምስ ፍሬን ነው፤ ሀቦባ እኔ ነኝ፣ እኛ ዘንድ አያት የምትጠራበት።

አልተቆጣችም። ሴቲንግ የሚሉትን ማስተካከያ ከፈተችና አጠገቤ ተንበርክካ የጣቶቼን አኳኋን ታይ ጀመር። መጀመሪያ "ዴድ ዞን" የሚሉትን ከፍ አደረገችው። እንጉዳይዋን ትንሽ ብትነኳት አልሰማሁም ትላለች፣ ገፋ ስታደርጓት ብቻ ትታዘዛለች። ይህንን ወዲያው ገባኝ፤ ቢሮዎቻችን ሁሉ እንዲህ ተደርገው የተሰሩ ናቸው። የእጄ መንቀጥቀጥ መኪናው ዘንድ መድረሱ ቀረ። ከዛ መሪው ቀስ ብሎ እንዲዞር ሴንሲቲቪቲውን ቀነሰችው። ጣቴን ያመኛልና ፍሬኑን በግማሽ ስስበው ሙሉ እንዲይዝ አደረገችው። አሲስት የሚባለውን ስትከፍተው ግን መኪናው ራሱ ይቆማል፣ ራሱ ይታጠፋል፣ እኔ ተጎልቻለሁ። "ይህማ መንግስታችሁ ነው፣ አጥፊው" አልኳት። አጠፋችው። ቫይብሬሽኑ ላይ ተጣላን። ጆይስቲኩ ጠጠር ላይ ስትወጡ እጅ ውስጥ ይርገፈገፋል፤ እሷ እጅሽን ያደክመዋል ብላ ትቀንሳለች፣ እኔ እመልሰዋለሁ። የባምባሲ መንገድ በክረምት ልክ እንደዛ ነው፤ የማይርገፈገፍ መኪና መሄዱን በምን አውቃለሁ?

ከትምህርት ቤት ስትመለስ ስራችን ይኸው ሆነ። እሷ በኖርዌይኛ፣ እኔ በአማርኛ፣ ሴቲንጉ መሃል ላይ። ከሷ ጋር እንዲህ ተጠግተን ተቀምጠን አናውቅም።

የውድድሩ ቀን አያቶቹ ሁሉ ሹራብ ለብሰው ተሰለፉ። ሐናን የኛን ሴቲንግ ከፈተችልኝና የመጀመሪያውን ዙር እሷ ነዳች፤ አንደኛ አደረገችንና ጆይስቲኩን አቀበለችኝ። እኔም አላሳፈርኳትም። ዴድ ዞኑም ፍሬኑም እንደታዘዙት ሆኑ፤ መኪናው እንደ በግ ይከተለኛል። አጠገቤ የተቀመጡት ባለ ነጭ ጺም ሽማግሌ ሊያልፉኝ ሞከሩ፣ አልሆነላቸውም። እንደገና ሲሞክሩ መኪናቸው ተገለበጠና ገደሉ ስር ወደቀ።

ቆምኩ።

አገሬን የምታውቁ ሌላ ምን አደርግ ነበር? እኛ ዘንድ የወደቀ መኪና አይታለፍም። ጭቃ የያዘው አይሱዙ ካለ ሁሉ ወርዶ ይገፋል፤ አልፎ የሄደ ሾፌር ክፉ ስሙ ለልጅ ልጁ ይተርፋል። እኔም ወደ ኋላ ዞሬ ወደ ሽማግሌው ነዳሁ። ቴሌቪዥኑ ቀይ ጽሑፍ ይዞ ይጮሃል፤ ማንበብ ስለማልችል አላስጨነቀኝም። የሌሎቹ መኪኖች በጎኔ ሽው ሽው ይላሉ። "ሀቦባ! ሀቦባ!" ትላለች ሐናን። ገደሉ አፋፍ ስደርስ የሽማግሌው መኪና ብን ብሎ ጠፋ፤ ወዲያው መንገዱ ላይ ታጥቦና ተወልውሎ ቆሞ ተገኘ፣ ከዛ እኔኑ አልፎኝ ሄደ። ሽማግሌውን ዞር ብዬ አየኋቸው፤ "ታክ" ብለው እንኳ አላመሰገኑኝም። መጨረሻ ወጣን።

ሐናን እስከ ቤት ድረስ ከፊቴ ከፊቴ ሄደች። ኮቷን ሳታወልቅ ሶፋው ላይ ተደፋች። ያቺን የምጠብቃትን ቃል በገዛ እጄ ገደል ሰደድኳት ብዬ በሩ አጠገብ ቆሜ ሳለሁ ስልኬ ጠራ፤ መዲና ናት። ሐናን እንደወትሮዋ ክፍሏ ትገባለች ስል ተነሳችና ስልኩን ከእጄ ነጠቀችው።

"አክስት መዲና! ሀቦባ ቆመች!" አለች። በአማርኛ።

"የት ቆመች? አውቶብስ ጠፋባት?" አለች መዲና፤ ድምጿ እኔ ድረስ ይሰማል።

"ሩጫው ላይ! አንደኛ ነበርን! የሰውዬው መኪና ወደቀ፣ እሷ ቆመች!"

"ታዲያ ሰው ወድቆ እያየች ልትሄድ ነው?"

"ጌም ነው! ውስጡ ሰው የለም!"

"ባዶውን ነው የሚሮጠው?"

"አዎ!"

"ባዶ መኪና ምን ያስቸኩለዋል፣ የኔ ልጅ?"

ሐናን ሶፋው ላይ ተቀመጠችና ድምጿን ዝቅ አድርጋ፣ "እዛ እውነተኛ መኪና ሲወድቅ ሁሉም ይቆማል?" አለች።

"ይቆማል። ሾፌሩም፣ ተሳፋሪውም፣ ፍየል የሚነዳውም።"

"ከዛ ማን ያሸንፋል?"

"ማንም። ሁላችንም እናረፍዳለን።"

ሐናን ሳቀች። ስልኩን ጆሮዋ ላይ እንደያዘች ወደኔ ዞረች።

"ሀቦባ፣ እኛ አሶሳ መቼ ነው የምንሄደው?"

ስጠብቃት የኖርኳት ቃል ጥያቄ ሆና መጣች። መዲናም በወዲያ በኩል "እኮ፣ መቼ?" አለች፤ እኔም ሐናን አጠገብ ተቀመጥኩ።