የጅራት ሠዓሊዋ ሴንግላና የምሶሶው ቤት ደፍ

ሴንግላ ዕድሜዋን የፈጀችው የአውራ ዶሮ ጅራት ስትሥል ነው። በሰሜን ታይላንድ፣ በዚያች የወንዝ ዳር ከተማ ባለው ሳህን ፋብሪካ ሴቶቹ በረድፍ ተቀምጠው ሥራውን ይቀባበላሉ፤ አንዷ የዶሮውን ቀይ ገላ፣ አንዷ አበባውን፣ አንዷ የሙዙን ቅጠል። ጥቁሩ ጅራት የሴንግላ ነው። ሦስት ጊዜ ብሩሿን ጫር ጫር ታደርግና ዶሮው ሊጮህ ይደርሳል። ከአሥራ አራት ዓመቷ ጀምሮ፣ አርባ አራት ዓመት ሙሉ፣ ሌላ ነገር ሣለች ሲባል የሰማ የለም።

በአራት ዓመቷ ፖሊዮ ሁለቱን እግሮቿን ወሰደባት። እጇን አልነካውም፤ ምላሷንማ አልሞከረውም። «በሽታው ሰነፍ ነበር፤ ወገቤ ላይ ሲደርስ ደከመው» ትላለች ለሚጠይቋት።

ብሩሽ አያያዝ ያስተማሯት እማማ ቡዋፓን ናቸው፤ የፋብሪካው አንጋፋ ሠዓሊ። «ጅራቱን ስትጀምሪ ትንፋሽሽን ያዢ፤ ስትጨርሺ ሐሜትሽን ቀጥዪ» ይሏት ነበር። ሁለቱ እንደ እናትና ልጅ ነበሩ ብል አልዋሸሁም፤ እንዲያውም ከእናትና ልጅ የሚለዩት ተኳርፈው ስለማያውቁ ነው።

በከተማዋ መሐል የምሶሶው ቤት አለ። ከተማዋ ስትቆረቆር የተተከለው ምሶሶ ውስጡ ቆሟል፤ በሚያዝያ፣ የአገሩ ዘመን ሲለወጥ፣ ሰው ሁሉ ገብቶ አበባ የተነከረበት ውኃ በእጁ ያፈስበታል። ያላፈሰ ሰው ዓመቱ አልገባለትም። ወደ ቤቱ የሚያወጡት ሰባት ደረጃዎች ናቸው። ሴንግላን በልጅነቷ እናቷ አዝለው ያስገቧት ነበር፤ እናቷ ሲሞቱ የሠፈር ወንዶች በተራ ይሸከሟት ጀመር።

እማማ ቡዋፓንም በስተርጅና ጉልበታቸው ከዳቸው። ልጃቸው መምህር ኢንሶን ጡረታ የወጡ አስተማሪ፣ የምሶሶው ቤት ኮሚቴ ሊቀ መንበር ናቸው። «እኔ እሸከምሻለሁ» ቢሏቸው እማማ ቡዋፓን አሻፈረኝ አሉ። «የተሸከመ ሰው ዓመቱን ሙሉ ወገቤን እያለ ያስታውስሻል» አሏት ለሴንግላ። ሦስት ዓመት በተከታታይ፣ ሁለቱ ሴቶች ከደረጃው ግርጌ ካለው ዋርካ ሥር ተቀምጠው ውኃቸውን የዛፉ ሥር ላይ አፈሰሱ። በአራተኛው ዓመት እማማ ቡዋፓን አልነበሩም።

ብቻዋን ስትቀር ሴንግላ እንደገና እሺ አለች። እሺ ባትል ይሻላት ነበር። ሁለት ጎረምሶች አንሥተዋት ሦስተኛው ደረጃ ላይ አንደኛው አዳለጠው፤ እንዳትወድቅ ሲያጠብቋት ሽርጧ እስከ ጉልበቷ ተሰበሰበ። የማዘጋጃ ቤቱ ፎቶ አንሺ ደግሞ እዚያው ቆሟል። ከወር በኋላ ያ ፎቶ በር የሚያክል ፖስተር ሆኖ በማዘጋጃ ቤቱ ግድግዳ ላይ ተለጠፈ። «መረዳዳት ባህላችን ነው» ይላል ከሥሩ። ጎረምሶቹ ጥርሳቸው እስኪቆጠር ይስቃሉ፤ የሴንግላ ፊት ከአንዱ ክርን ጀርባ ተሸፍኗል፤ ቀጫጭን እግሮቿ ግን ለከተማው ሁሉ ተሰጥተዋል።

«ፊቴን ሸፍነው እግሬን አሳዩ» አለች፤ አለቀሰችም። ከዚያ እንባዋን ጠርጋ ማለች። «ከእንግዲህ ሰው አይሸከመኝም። በጎማዬ እገባለሁ፤ አለዚያ ሬሳዬም አይገባ።»

መማል ቀላል ነው፤ ከባዱ ቀጥሎ ያለው ሰኞ ነው። ሴንግላ ሰኞ ሰኞ ከሥራ በፊት ዊልቸሯን እየነዳች ሄዳ ከፖስተሩ ሥር ትቆም ጀመር። ለሚያልፈው ሁሉ ጣቷን ወደ ላይ ቀስራ «ያቺ እኔ ነኝ፤ ፊቴን እዚህ ታች ያገኙታል» ትላለች። አንዳንዱ ይስቃል፣ አንዳንዱ አንገቱን ደፍቶ ያልፋል። በስድስተኛው ሰኞ ፖስተሩ ወረደ፤ በአሥረኛው ደግሞ ማዘጋጃ ቤቱ ለምሶሶው ቤት ጎማ የሚወጣው ተዳፋት የሲሚንቶ መወጣጫ እንዲሠራ ወሰነ።

መወጣጫው ያለቀው ዘመን መለወጫው አንድ ሳምንት ሲቀረው ነው። ሴንግላ ከፋብሪካ ቀጥታ መጣች። ክንዷ እስኪቃጠል ጎማዋን እየገፋች አዲሱን ሲሚንቶ ወጣችውና ከበሩ ፊት ደረሰች። በሰው ትከሻ ላይ ሳትሆን ያንን በር ስታየው በሕይወቷ የመጀመሪያዋ ነበር። ከዚያ ዓይኗን ዝቅ አደረገች። ደፉ አለ።

ስንዝር ከፍ ያለ፣ በዘመን ብዛት የጠቆረ ግንድ ነው። ሰው ይሻገረዋል እንጂ አይረግጠውም፤ የቤቱ ጠባቂ መንፈስ እዚያ ላይ ነውና ሕፃን እንኳ ሳይነገረው እግሩን ያነሣል። መወጣጫው እዚያ ድረስ መጥቶ ቀጥ ብሏል፤ ታጥቦ ጭቃ።

መምህር ኢንሶን መጥረጊያ ይዘው ከውስጥ ብቅ አሉ።

«ይሄስ?» አለቻቸው።

«ደፉ ነዋ።»

«አየሁት። ጎማ እግሩን አያነሣም፣ መምህር።»

«መሐንዲሱም ይቆረጥ ብሎኝ ነበር። ሞቼ ነው ቆሜ አልኩት። አያቶቻችን ያልረገጡትን እኔ በመጋዝ ላስቆርጥ?»

«እሱንስ እኔም አላስቆርጥም።»

«ታዲያ ምን ቸገረሽ? ስንዝር ናት። አራት ጎልማሳ ወንበርሽን ብድግ፣ ቁጭ። አለቀ።»

«ሰባቱን አንሥታችሁ አንድ አስቀራችሁልኝ።»

«እሺ ይበልጣል ከሺህ፣ ሴንግላ።»

«ዕድሜዬን እሺ ብያለሁ። እስቲ ደግሞ ሺሁን ስጡኝና ልየው።»

መምህሩ ሳቃቸውን ዋጡ፤ ክፉ ሰው አይደሉም። ሴንግላ ግን አልሳቀችም። ዓይኗ በበሩ አልፎ ውስጥ ግድግዳው ላይ ያለ ሰዓት ላይ አርፏል። ያ ሰዓት ከቆመ ሰባት ዓመቱ ነው። እንደ አግዳሚዎቹ፣ እንደ ማራገቢያዎቹ፣ እንደ ቆሻሻ ማጠራቀሚያው ሁሉ የሰጪው ሟች ዘመድ ስም ተጽፎበታል፤ ሰው በተገለገለበት ቁጥር በጎ ሥራው ለሟቹ ይደርሳል ተብሎ።

«ያ ሰዓት ዛሬም አልወረደም?» አለች።

«እንዴት ይወርዳል? የሰው አባት ስም አለበት። በሟች ስም የተሰጠ ነገር እኔ እዚህ እያለሁ ከዚህ ቤት አይወጣም።»

«ደግ አደረጉ» ብላ ዊልቸሯን አዞረች። መምህር ኢንሶን ጠብ ሲጠብቁ ጠቡ በመቅረቱ ቅር ብሏቸው ከኋላዋ አዩዋት።

በማግስቱ በፋብሪካው ሳህን ወደሚተኮስበት ምድጃ ሄደች። የምድጃው ኃላፊ ቱይ ቀልደኛ ጎልማሳ ነው። ሳህን የጫነው ጋሪ ሲገባ የምድጃው አፍ ጠርዝ እንዳይሸረፍ ከላይ የሚዘረጋ የጣውላ መሻገሪያ ሠርቷል፤ ከወዲህና ከወዲያ መሬት ይረግጣል፣ መሐሉ ጠርዙን ሳይነካ ያልፋል።

«እንዲህ ያለ ሥራልኝ» አለችው። «ሰፋ አድርገህ። ከሥሩ ያለውን ደፍ ፀጉር ታህል እንዳይነካ።»

«ለክብደትሽ ነው ለምላስሽ? ለምላስሽ ከሆነ ብረት ልጨምርበት፣ እትዬ።»

«ብረቱን ለራስህ አስቀምጠው፤ የመምህር ኢንሶንን ቁጣ የምትመክተው አንተ ነህ።»

በሦስት ቀን ሠራው። ሴንግላ ደግሞ ብሩሿን አንሥታ በመሻገሪያው ጎን ላይ በጥቁር ቀለም ጻፈችበት። ቱይ ሲያነበው በሳቅ ፈነዳ፤ ከዚያ ሳቁን ቀጥ አድርጎ ጭንቅላቱን አከከ። «ይገድሉሻል» አላት። «ይግደሉኝ» አለች፤ «ሬሳዬ በጎማው ይገባል።»

የዘመን መለወጫው ቀን ከተማው ሁሉ ግቢው ውስጥ ነበር። የማዘጋጃ ቤቱ ሹም መወጣጫውን ሊመርቅ መጥቷል፤ ያው ፎቶ አንሺም አለ። ሴንግላ አዲስ ሰማያዊ ሽርጥ ለብሳ፣ ጎማዋን አጥባ፣ ውኃዋን ራሷ ጅራቱን በሣለችበት ሳህን ጭኗ ላይ ይዛ መጣች።

አንድ የኮሚቴ አባል መንገድ ላይ ቆመ። «ጎማ ከጫማ ይቆጠራል፣ እትዬ። ጫማ የሚቀረው ታች ነው።»

«በጃስሚን ውኃ አጥቤዋለሁ። ያንተስ እግር ታጥቧል?»

ሰውየው ሳያስበው ወደ እግሩ አየ፤ ሰዉ ሳቀ፤ እሷ አለፈች። ከበሩ ፊት ስትደርስ እጅጌያቸውን የሰበሰቡ አራት ወንዶች መጡ። ሴንግላ ፍሬኗን ያዘች።

«እናመሰግናለን፤ ሂዱና ለሚስቶቻችሁ ውኃ ተሸከሙ» አለቻቸው። «ቱይ፣ አምጣው።»

ቱይ መሻገሪያውን ከደፉ በላይ ዘረጋው። ከደፉና ከጣውላው መካከል ጣት ያስገባል።

መምህር ኢንሶን ሰው እየገፉ መጡ። «ምንድን ነው ይሄ? አንሣው።»

«ጽሑፍ አለበት፣ መምህር» አለ ቱይ፣ ዓይኑን በጨው አጥቦ። «እኔ ማንበብ ብዙም አይሆንልኝ። እርስዎ ያንብቡልን።»

ሠላሳ አምስት ዓመት ያስተማረ ሰው አንብብ ሲሉት እንቢ አይልም። መነጽራቸውን አደረጉ፣ ጎንበስ አሉ፤ ከኋላ ለተቀመጠ ተማሪ በሚሰማ ድምፅ ጀመሩ። «የዚህ መሻገሪያ በጎ ሥራ ለሟቿ ሠዓሊ ለእማማ ቡዋ...»

ድምፃቸው እዚያ ላይ ቀረ።

«በእናቴ ስም ትነግጃለሽ?» አሉ ቀና ሲሉ። ፊታቸው ቀልቷል።

«አልነገድኩም። የሰጠሁት እኔ ነኝ፤ የሚደርሰው ለእሳቸው።»

«በስሟ ላይ በጎማ ልትሄጂ?»

«በጎኑ ነው የጻፍኩት። ይዩት፤ ከላይ ባዶ ነው።»

አዩት። ሴንግላ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«ሦስት ዓመት እርስዎ እዚህ በር ላይ ቆመው ሰው ሲያስገቡ፣ እናትዎ እዚያ ታች ዋርካ ሲያጠጡ ነበር። እኔ አጠገባቸው ነበርኩ።»

«ልሸከምሽ አልኳት እኮ። ለምኛታለሁ። እንቢ አለችኝ።»

«እንቢ ያሉት መሸከሙን ነው፣ መምህር። መግባቱንማ እስኪሞቱ ይመኙት ነበር።»

መምህር ኢንሶን ወደ ዋርካው አዩ።

«ይህን ጣውላ ማንሣት የሚፈልግ ሰው ያንሣው» አለች ሴንግላ፣ ለኮሚቴውም ለሹሙም ለአራቱም ወንዶች። «ስሙን አንብቦ ያንሣው።»

ማንም ንቅንቅ አላለም። ሰባት ዓመት የቆመ ሰዓት ማውረድ ያቃተው ኮሚቴ የሊቀ መንበሩን እናት ሊያወርድ አይችልም። ሴንግላ ፍሬኗን ለቀቀች። ጎማዎቹ ጣውላው ላይ ወጡ፣ ጣውላው አንዴ ሲጥ አለ፣ ወረዱ። ገባች።

ምሶሶው ፊት ስትደርስ የተሰማት ደስታ አልነበረም። ንዴት ነበር፤ ለስንዝር እንጨት አምሳ ስምንት ዓመት። ውኃውን ግማሹን ለራሷ፣ ግማሹን ለእማማ ቡዋፓን አፈሰሰች፤ ንዴቱ የበረደላት ሳህኑ ባዶ ሲሆን ነው። ትንፋሿን ይዛ እንደነበረ ያወቀችውም ያን ጊዜ ነው።

ስትወጣ ፎቶ አንሺው ከበሩ ውጭ ተንበርክኮ ይጠብቃል። «መምህር፣ እባክዎ የወንበሩን እጀታ ይያዙልኝ» አለ። «እርስዎ የሚገፏት መስለው። ለአዲሱ ፖስተር ነው።»

ሴንግላ አፏን ከፈተች፤ መልሱ ምላሷ ላይ ነበር። ግን ቀደሟት። መምህር ኢንሶን ሁለት እጃቸውን ወደ ኋላ አጣምረው ከመንገዷ ዞር አሉ።

«እንዲህ አንሣት» አሉት። «ፊቷን።»