መዶሻ ኮንሰርት ገባ

ሰፈሩ «መዶሻ» የሚለው ባትላሜራ ስለሆነ ብቻ አይደለም። የተጨረማመተ መኪና ቀጥቅጦ በሚያቃናበት እጁ ሰውም ይጨረማምታል። የጋራዡን ዘበኛ ሁለት ጥርስ አርግፏል፤ የሚስቱን ወንድም በገዛ ልጁ ልደት ላይ ከነወንበሩ ገልብጦታል። ቱግ ካለ ጆሮው ይደፈናል። ሁልጊዜም ይጸጸታል፤ ምን ዋጋ አለው፣ ጸጸቱ አንድም ቀን ቡጢውን ቀድሞ ደርሶ አያውቅም።

ልጁ በጃዝና ፖፕ ኳየር ውስጥ ትዘፍናለች። ለገና ኮንሰርት ለመጀመሪያ ጊዜ ብቻዋን እንድትዘፍን ሲመርጧት ቲኬት አመጣችለት።

«አባዬ፣ ማንም ምንም ቢል እጅህን እንዳታነሳ። ካነሳህ ልጅ አለኝ እንዳትል።»

«ቃሌ ነው» አላት። ከልቡ ነበር።

ቅዳሜ ከሰዓት ጥፍሩን በቤንዚን ፈትጎ፣ ከረባት አስሮ ሄደ። ሦስተኛው ረድፍ ላይ፣ አንድ ባለመነጽር ሽማግሌ አጠገብ፣ ሁለት እጁን ጭኑ ስር ከትቶ ተቀመጠ። ልጁ ወጣች። ሁለት ስንኝ አሳምራ ዘፈነች። ከዚያ ግጥሙ ጠፋ፤ «ሹቢ ዱ ዳ፣ ቢዳ ባፕ» ማለት ጀመረች። መዶሻን ላብ አጠመቀው። ረሳችው፣ ልጄ ጉድ ሆነች! ይኼኔ ሽማግሌው ጉልበታቸውን እየመቱ ሳቁ።

«ምን ያስገለፍጥሃል አንተ!»

መልስ አልጠበቀም። ቡጢው አፍንጫቸው ላይ አረፈ፤ ቀና ሲሉ ደገማቸው። መነጽራቸው ተሰባበረ፣ ደሙ ሸሚዛቸው ላይ ተንዠቀዠቀ። ሊገላግል የመጣውን ጎልማሳ በክርኑ ደረቱን አለው። አራት ሰዎች ተረባርበው፣ እየረገጠና እየተረገጠ፣ ጎትተው በሩ ላይ ጣሉት። ፒያኖው ቆመ።

ከንፈሩ ተተርትሯል፤ የአዳራሹ ጥበቃ ጉልበት ጀርባው ላይ ነው። ትንሽ ቆይቶ ፒያኖው እንደገና ሲጀምር ሰማ። ልጁ ከመጀመሪያው ዘፈነች። እዚያው ቦታ ስትደርስ ያንኑ «ሹቢ ዱ ዳ፣ ቢዳ ባፕ» አለች። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ።

«ረስታው አልነበረም እንዴ?» አለ መዶሻ።

«ጃዝ ነው ሰውዬ፣ እንደዚህ ነው የሚዘፈነው!» አለ ጥበቃው። «ያስተማሯት እኮ እኚሁ የመታሃቸው አዛውንት ናቸው። ደስ ብሏቸው ነው የሳቁት።»

ዘፈኗን እንደጨረሰች ልጁ ሽማግሌውን ደግፋ ወጣች። አፍንጫቸውን በነጭ ሻርፗ ይዛላቸዋለች።

«ልጄ…» አለ ከመሬት።

ሽማግሌው ወደ እሷ ዞር አሉ። «አባትሽ ነው?»

«አላውቀውም፣ መምህር» አለችና ደረጃውን ይዛቸው ወረደች።