አባቴ ከሜዳ አልወጣም ያሉ ዕለት

የዚያን እሑድ ከጄኔቫ ባቡር የተሳፈርኩት አባቴን ከቤታቸው ላስወጣ ነበር። ሌላ ስም የለውም። በብርዱ ወራት ሁለት ጊዜ መታጠቢያ ቤት ውስጥ ወድቀዋል፤ ሐኪማቸውም «ብቻቸውን መኖር የለባቸውም» ብሎ ቁርጡን ነግሮኛል። ዙሪክ አጠገብ ባለችው አድሊስቪል፣ እሳቸው ከሚኖሩበት ፎቅ ብዙም ሳይርቅ፣ ሁሉም አልተርስሃይም የሚለው የአረጋውያን ቤት ውስጥ አንድ ክፍል ተለቆላቸዋል። እስከ ሰኞ መልስ ስጪ ተብያለሁ። ለእሳቸው ግን ገና ትንፍሽ አላልኩም።

መንገዱን ሙሉ ንግግሬን ስለማመድ መጣሁ። ከጠበቃ ጋር ስታወሩ እንዲህ ነው፤ ሳትዘጋጁ ከገባችሁ በገዛ ቃላችሁ ያስሯችኋል።

አባቴ ሦስት ነገር ናቸው፤ ጠበቃ፣ የሕዝብ እንደራሴና ክሪኬት ተጫዋች። ጠበቃም እንደራሴም የነበረ ሐበሻ ሞልቷል። ክሪኬት የሚጫወት ግን ከእሳቸው ሌላ አላየሁም። በወጣትነታቸው እንግሊዝ አገር ሕግ ሊማሩ ሄደው፣ ከሕጉ ጋር ይህን በነጭ ልብስ ቀኑን ሙሉ የሚዋልበትን ጨዋታ፣ ባለ ሰንሰለት የኪስ ሰዓትና ሰው ፊት ኮት ያለማውለቅን አመል ይዘው ተመለሱ። እንግሊዞቹ ራሳቸው የተዉትን ጨዋነት አባቴ ነበሩ የያዙላቸው። እናቴ «የድሮዋ ንግሥት ባለሟል» እያለች ትቀልድባቸው ነበር።

ጨዋታውን ለአገራችን ሰው ማስረዳት ያስቸግራቸዋል። «እንደ ገና ጨዋታ ነው?» የሚላቸው ሰው ከመጣ ፊታቸው ይለዋወጣል። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ በእሳቸው ጨዋታ ግን ጌታው ቀርቶ ሎሌውም ድምፁን ከፍ ማድረግ አይችልም። ከሁሉ አብልጠው የሚወዱት አንድ ወግ አለ። የተወረወረችው ኳስ መምቻህን ዳስሳ አልፋ፣ መሬት ሳትነካ ከኋላህ በቆመው ሰው እጅ ከገባች፣ አበቃልህ፤ ዳኛው ጣቱን ያነሣል፣ አንተም ትወጣለህ። ዳኛው ንክኪዋን ካልሰማስ? ጨዋ ሰው ዳኛ አይጠብቅም። መምቻውን ብብቱ ሥር አድርጎ በራሱ ይወጣል።

ኑሯቸውም እንዲሁ ነበር። ለምክር ቤቱ ሁለተኛ ጊዜ ሲወዳደሩ በጥቂት ድምፅ ተሸነፉ። ደጋፊዎቻቸው ቆጠራው ይደገም ብለው ሲንጫጩ፣ እሳቸው ኮታቸውን ለብሰው አሸናፊው ቤት ሄዱና እንኳን ደስ ያለህ ብለው ተመለሱ። እናቴ እስክትሞት አልማረቻቸውም። «ሰው እንግሊዝ አገር ሄዶ ማሸነፍ ይማራል፤ የእኔው ባል መሸነፍ ተምሮ መጣ» ትል ነበር። አብዮቱ ሲመጣም፣ ወዳጆቻቸው «ይሄም ያልፋል» ብለው ሲቀመጡ፣ እኛን ሰብስበው ወጡ። እዚህ የጠበቃነት ወረቀታቸውን የሚቀበል ሲጠፋም አልተከራከሩም፤ ዙሪክ አንድ ኢንሹራንስ ቤት የሰው ፋይል ሲያገላብጡ ኖረው ጡረታ ወጡ። አንድ ቀን እንኳ ሲያማርሩ አልሰማሁም። እውነቱን ለመናገር፣ ይህ ነገራቸው አንዳንዴ ያናድደኛል።

ክሪኬት መልሶ ያገኛቸው ከጡረታ በኋላ ነው። ዲቤንዶርፍ አጠገብ ባለ ሜዳ፣ እሑድ እሑድ፣ ከአፍጋኒስታንና ከስሪላንካ የመጡ ልጆች ይጫወታሉ። አባቴ መጀመሪያ ዳር ቆመው አዩ፤ ቀጥሎ ስሕተት ማረም ጀመሩ፤ ኋላ ዳኛ ሆነው አረፉት። ልጆቹ «ባባ» ይሏቸዋል። በራስ መውጣትን ያስተማሯቸው እሳቸው ናቸው። መጀመሪያ ላይ ሲስቁባቸው ነበር፤ አሁን ግን ማን በራሱ እንደሚወጣ እርስ በርስ የሚተያዩበት ሆኗል። ልጆቹም በበኩላቸው፣ በየዓመቱ የመጨረሻ ጨዋታ ላይ፣ ለክብራቸው መምቻውን ሰጥተው ያጫውቷቸዋል።

ያን እሑድ የደረስኩት በዚሁ ጨዋታ ላይ ነው። ነጭ ሱሪያቸው ሰፍቷቸዋል፤ መምቻውን እንደ ምርኩዝ ተደግፈውታል። አንጀቴን በሉት። ወርዋሪው ልጅም ሳያዝንላቸው አልቀረም፣ ቀስ አድርጎ ወረወረ፤ ሳቷት። ሁለተኛዋን ግን የመምቻቸው ጫፍ አገኛት። ቀጭ አለች። ከኋላ የቆመው ልጅ ቀለባት። ዳር የተቀመጥኩት እኔ ከሰማሁ ማን ሳይሰማ ይቀራል? በእሳቸው ፋንታ ዳኛ ሆኖ የቆመው ጎልማሳ ብቻ ራሱን ግራና ቀኝ ነቀነቀ፤ አልወጡም ማለቱ ነው። እውነት አልሰማ ይሁን ወይም አዝኖላቸው፣ እስከ ዛሬ አላውቅም።

ሁሉም ወደ አባቴ ዞረ። መምቻውን ብብታቸው ሥር እስኪያደርጉ ነበር የምንጠብቀው። እሳቸው ግን ቀና ብለው ሰማዩን አዩ፣ መሬቱን በመምቻቸው መታ መታ አደረጉ፣ ጎንበስ አሉና ቦታቸውን ያዙ።

ወርዋሪው ኳሱን ተቀብሎ ወደ ቦታው ተመለሰ። ጥቂት ቆይቶ ከኋላቸው የተተከለውን ዘንግ በኳሷ ሲጥልባቸው ነው የወጡት፤ ዘንግ ከወደቀ መውጣት ነው፣ ያንን መቼም የሚክድ የለም። በጭብጨባ ተሸኙ። እኔ ግን ማጨብጨቡንም ረሳሁት።

ወደ አድሊስቪል በሚመለሰው ባቡር ላይ ፊት ለፊት ተቀመጥን።

«ሰምተሻል» አሉኝ።

«ምኑን አባባ?»

«የጠበቃ ልጅ ነሽ፤ አታድበስብሺ።»

«ሰምቻለሁ። ለምን አልወጡም?»

ኮታቸውን ቆለፉ። «ዕድሜዬን ሙሉ ማንም ሳይነግረኝ ወጥቻለሁ። ከምክር ቤቱ ወጣሁ፣ ካገሬ ወጣሁ፣ ከሙያዬም ወጣሁ። እስቲ መቆም ምን እንደሚመስል ልየው ብዬ ነው።» ከዚያ ድምፃቸውን ዝቅ አደረጉ። «ነውር ነው። ግን እንዴት ደስ ይላል መሰለሽ!»

ሳቄ አመለጠኝ። እሳቸውም እንባቸው እስኪመጣ ሳቁ።

«አንቺም ከመጣሽ ጀምሮ አፍሽ ላይ ያለ ነገር አለ» አሉኝ፣ ዓይናቸውን እየጠረጉ። «ሐኪሙ ላንቺ የነገረሽን ለእኔም ነግሮኛል። በራሴ አልወጣም፤ ይህንን ዕወቂ። ዳኛዋ ግን አንቺ ነሽ። ጣትሽን ካነሣሽ አልከራከርሽም፤ ዛሬውኑ ዕቃዬን እሰበስባለሁ።»

ከጄኔቫ ድረስ ስለማመደው የመጣሁትን ንግግር ተውኩት። እጄ ጭኔ ላይ ነበር፤ እሳቸውም እሱኑ ያያሉ። አንሥቼ ኮቴ ኪስ ውስጥ ከተትኩት።

ሰኞ ጠዋት ደውዬ ክፍሉን ለሌላ ሰው ስጡት አልኩ። መታጠቢያ ቤታቸው ውስጥ መደገፊያ ብረት አስገጠምኩ፤ ቅዳሜ ቅዳሜ ከጄኔቫ እየመጣሁ አብሬያቸው አድራለሁ። ሐኪሙ ክፉኛ ተቆጣኝ። ልክ ነው። ቀጭ ስትል እኔም ሰምቻለሁ።