የቱሊዮ ግራ እጅ

ቬኒስ አጠገብ ባለችው የብርጭቆ ሠሪዎች ደሴት፣ ሙራኖ ላይ፣ ካረጁት ሴቶች ሁሉ የኔሪና ቡሴቶን ደጅ ያህል በእንግዳ የሚንኳኳ አልነበረም። አሮጌ የብርጭቆ ዕቃ ገዝቶ የሠሪው ማንነት የጠፋበት ነጋዴ፣ ከአክስቱ የአበባ ማስቀመጫ የወረሰ ሰው፣ አንዳንዴም የሙዚየም ሠራተኛ ከጀልባ ወርዶ ቤቷን እየጠየቀ ይመጣል። እሷ ዕቃውን ገልብጣ ቂጡን በአውራ ጣቷ ትዳብስና የማን እንደሆነ ትናገራለች። ተሳስታ አታውቅም ነበር።

ሙያውን የተማረችው እሳት ዳር ቆማ አይደለም፤ ሴት እዚያ አትጠጋም። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ከአንድ አነስተኛ የብርጭቆ እቶን ቤት ዕቃ ማሸጊያ ክፍል ገባችና ወረቀት ትለጥፍ ጀመር። የአሜሪካ አስመጪዎች የሠሪው ስም እንዲታወቅ አይፈልጉም። የየራሳቸውን ወረቀት ይልካሉ፣ ኔሪናም ሙጫ ቀብታ ታጣብቃለች። የየትኛው አስመጪ ወረቀት በማን ሥራ ላይ፣ በስንት ዓመተ ምሕረት እንደተለጠፈ ያወቀችው በዚህ ነው።

ቱሊዮ ማርኮንንም ያወቀችው እዚያው ነው። ቱሊዮ ግራኝ ስለነበረ የሚሠራበት አግዳሚ ለብቻው በተገላቢጦሽ ተሠርቶለታል። ሌሎቹ ባለሙያዎች ለጌጥ የሚገባውን ነጭ የብርጭቆ ክር በዕቃው ውስጥ ወደ ቀኝ ሲጠመዝዙት፣ የእሱ ወደ ግራ ይዞራል። ሥራውን ለማወቅ ኔሪና ፊርማ አያስፈልጋትም ነበር።

በአሥራ ዘጠኝ መቶ ሃምሳ ስምንት፣ ባሕር ማዶ ሳን ፓውሎ የተከፈተ የብርጭቆ ፋብሪካ ባለሙያ ሲፈልግ ቱሊዮ ተመዘገበ።

«ሁለት ዓመት ነው» አላት። «የቤት መግዣ ይዤ እመጣለሁ።»

«ሁለት ዓመት ከሆነ የክረምት ካፖርትህን ምን ብለህ ትሸከማለህ? እዚያ ሙቀት ነው ይባላል።»

ሳቀና ካፖርቱን እንደያዘ ሄደ። ዓመት ከመንፈቅ ያህል ደብዳቤ ጻፈላት፤ ከዚያ ጠፋ። ሞቷል የሚል ወሬ መጣ። ኔሪና አላገባችም። ለምን ለሚላት ሁሉ ሥራ በዝቶብኛል ትላለች። እውነቱን ለመናገር ግን ሰው ያመጣላትን ዕቃ ሁሉ ከመገልበጧ በፊት ብርሃን ላይ አንስታ የክሩን አዟዟር ታያለች። በሠላሳ ሦስት ዓመት ውስጥ ወደ ግራ የዞረ አሥራ አንድ ዕቃ አገኘች። አሥራ አንዱም ከመሄዱ በፊት የሠራቸው ነበሩ። እያንዳንዱን ለባለቤቱ ስትመልስ እጇ ለመልቀቅ ይዘገያል።

በዘጠና አንድ መኸር ላይ ኮራዲን የሚባል የፓዶቫ ነጋዴ ከአሜሪካ የገዛውን የአበባ ማስቀመጫ ይዞ መጣ።

«ሲኞራ ኔሪና፣ ዛሬ ሀብታም ሊያደርጉኝ ነው።»

«አንተን ሀብታም ማድረግ የቅዱሳን ሥራ ነው። በል አስቀምጠው።»

ብርሃን ላይ አነሳችው። ክሩ ወደ ግራ ዞሯል። ልቧ ደስ እንዳለው ገለበጠችውና ቂጡ ላይ ያለውን ወረቀት አየች። ሃልቨርሰን የተባለው የቺካጎ አስመጪ ብርማ ወረቀት ነው።

ቀስ ብላ ወንበር ስባ ተቀመጠች። ሃልቨርሰን ከሙራኖ ጋር በዋጋ ተጣልቶ የወጣው በስልሳ ሦስት ነው። የተረፈውን ቀይ ወረቀቱን ምድጃ ውስጥ የጣለችው ራሷ ናት። ብርማውን ያሳተመው ከዚያ በኋላ ሲሆን፣ ዕቃም የሚገዛው ከሌላዋ ብርጭቆ ሠሪ ከተማ፣ ከኤምፖሊ ብቻ ነበር። ቱሊዮ እንግዲህ አልሞተም ነበር። ተመልሶ፣ በባቡር የግማሽ ቀን መንገድ ላይ ተቀምጦ ብርጭቆ ሲጠመዝዝ ኖሯል።

«የኤምፖሊ ነው» አለችው። «ከስልሳ አራት ወዲህ። የሠራው ቱሊዮ ማርኮን ይባላል።»

«ኧረ ሲኞራ፣ ትንሽ እንኳ ሙራኖ አይሆንም?»

«አይሆንም።»

«ማርኮን ደግሞ ማነው? ሰምቼም አላውቅ... ምነው፣ አመመዎት እንዴ?»

«ደህና ነኝ። ዕቃህን ጠቅልልና ሂድ፣ ልጄ።»

ክረምቱን ሙሉ ልሂድ አልሂድ ስትል ከረመች። መጋቢት ላይ ባቡር ተሳፈረች። ኤምፖሊ ስትደርስ ለሃልቨርሰን ይሠራ የነበረው እቶን ቤት ተዘግቶ ቆያት። ጎረቤት ያገኘችው ሽማግሌ፣ ቱሊዮ ከሞተ አሥራ ስድስት ዓመት እንደሆነው ነግሮ የሴት ልጁን የልብስ ስፌት ቤት አሳያት።

ልጅቱ ዳልቫ ትባላለች። ሳን ፓውሎ የተወለደች፣ ዓይኗ ቁርጥ አባቷን የሆነች የሠላሳ ዓመት ሴት ናት።

«አባቴን ያውቁት ነበር?»

«አብረን ሠርተናል።»

ዳልቫ ቁም ሳጥን ከፈተችላት። ሃያ ሦስት ዋንጫና ማስቀመጫ ተደርድሯል፤ አንዱም ስም የለበትም። ኔሪና እያንዳንዱን ወደ መስኮቱ እያነሳች ዘጠኙን ለይታ ጠረጴዛ ላይ አኖረች።

«ሁሉም የእሱ መስሎኝ ነበር» አለች ዳልቫ ቅር ብሏት።

«እነዚህኞቹ የጓደኞቹ ናቸው። ዘጠኙ ግን ያለ ጥርጥር የእሱ ናቸው።»

ባቄላ ሾርባ አቅርባላት ሲበሉ፣ «አንድ ነገር ልጠይቅዎት» አለች ዳልቫ። «ሙራኖን አንድ ቀን እንኳ አሳየኝ ስለው እንቢ ይል ነበር። ‹እዚያ የበደልኩት ሰው አለ፣ በምን ዓይኔ አየዋለሁ?› ይለኝ ነበር። ማን እንደሆነ ያውቃሉ?»

ኔሪና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ልትናገር ነበር። የልጅቱን ፊት ስታይ ግን ተወችው።

«አላውቅም። ማንም ይሁን፣ ቢመጣ ኖሮ በር አይዘጋበትም ነበር።»

ዳልቫ ዓይኗን ጠረገች። «እኔ የማውቀው ሕመምተኛውን ነው፤ ሁሌ እንደሳለ። ወጣት ሳለ ምን ዓይነት ሰው ነበር?»

ይህን ጥያቄ ሙራኖ ላይ ማንም ጠይቋት አያውቅም። ኔሪና ወንበሯን አስጠግታ ጀመረች። ድምፁ እንደማያምር እያወቀ እሳቱ ዳር ሲዘፍን ሰው ሁሉ ጆሮውን እንደሚይዝ፣ ሰርዲን በሽንኩርትና በኮምጣጤ ካገኘ አባቱን እንኳ እንደማያውቅ፣ ሲስቅ እንደ ልጅ እጁን አፉ ላይ እንደሚያደርግ ነገረቻት። ካፖርቱን ይዞ የሄደበትን ጠዋት ብቻ ዘለለችው። ዳልቫ አንዴ እየሳቀች፣ አንዴ እያለቀሰች አዳመጠች፤ ኔሪና ልትመለስበት የነበረው የቬኒስ ባቡር ሲያመልጣት ሁለቱም ልብ አላሉም።